አሪቲን በጓሮ ስለማልማት፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ለበዓል የገዛሁትን የአሪቲ እስር ማጽደቅ ይቻላል?

መልስ፦ ካልጠወለገ ይቻላል። ለጋም አሮጌም ያልሆነ ቅርንጫፍ ከ10 እስከ 15 ሳንቲሜትር ቆርጠው፣ የታችኛውን ግማሽ ቅጠል አራግፈው፣ አሸዋ በበዛበት አፈር ውስጥ ይትከሉት። ሥር እስኪያወጣ ድረስ አፈሩን ሳያጨቀዩ እያረጠቡ በጥላ ያቆዩት፤ አዲስ ቅጠል ሲያቆጠቁጥም ቀስ በቀስ ከፀሐይ ጋር ያለማምዱት። ከዘርም ይበቅላል፤ ነገር ግን ዘሩ እጅግ ደቃቅና ለመብቀል ብርሃን የሚፈልግ በመሆኑ አፈር ሊለብስ አይገባም። ለጓሮ ቁራጩን እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ አሪቲዬ ቀጥኖ ረዘመ፤ ቅጠሉም ወደ አረንጓዴ አደላ። ፍግ ልጨምርለት?

መልስ፦ አይጨምሩ። ቅጠሉን ብርማ የሚያስመስለው ላዩን የሸፈነው ጥቃቅን ጸጉር ሲሆን፣ ይህም ብርሃንን እያንጸባረቀ ተክሉ ውኃ እንዳያባክን ይረዳዋል። ጥላ ውስጥ ያደገ አሪቲ ይህን መልኩን ያጣል፤ ፍግ የበዛለት ደግሞ ለስላሳ ቅርንጫፍ አውጥቶ ይዘነበላል፣ ክሽክሽም (ጭማቂ የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ) ይበረታበታል። የጎደለው ምግብ ሳይሆን ፀሐይ ነውና በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ ወደሚያገኝ ቦታ ያዛውሩት።

ጥያቄ፦ መሬታችን መረሬ (ውኃ የሚይዝ ጥቁር ጭቃ አፈር) ነው፤ በክረምት ሥሩ እየበሰበሰ ይሞታል።

መልስ፦ አሪቲን ከድርቅ ይልቅ የሚገድለው የተኛ ውኃ ነው። ከ20 እስከ 30 ሳንቲሜትር ከፍታ ያለው መደብ ሠርተው ጠጠርና አሸዋ ይቀላቅሉበት፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ውኃ ማጠጣት አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ እንዴት ይገረዛል?

መልስ፦ አበባው ካለፈ በኋላ ከቁመቱ ሢሶውን ይቁረጡ። ቅጠል የሌለውን አሮጌ ግንድ ግን አይንኩ፤ ብዙ ጊዜ መልሶ አያቆጠቁጥም።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ውስጥ ውርጩን ይችላል?

መልስ፦ ሥሩ ይችላል። ቅጠሉ ቢረግፍም በጸደይ ከሥሩ ያቆጠቁጣል።

ጥያቄ፦ ከጎመን አጠገብ ልትከለው?

መልስ፦ ከቅጠሉ በዝናብ ታጥቦ የሚወርደው ንጥረ ነገር የጎረቤቱን ቡቃያ ሊያቀጭጭ ስለሚችል ለብቻው፣ ወይም ከጠጅ ሳር ማዶ ዳር ላይ ይተከል።

ጥያቄ፦ አፍልቼ ብጠጣውስ?

መልስ፦ አሪቲ ቱጆን የተባለ፣ ሲበዛ ነርቭን የሚጎዳና የሚያንቀጠቅጥ ንጥረ ነገር አለው። ነፍሰ ጡሮች፣ የሚያጠቡ እናቶችና የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሰዎች ፈጽሞ ሊጠጡት አይገባም፤ ሌላውም ሰው ሐኪም ሳያማክር ባይጠጣው ይሻላል።