ክፉ ሰው ሲሳል የግድ ጥቁር ይሁን? እና ሌሎች የቀለም ጥያቄዎቻችሁ

ሰላም ናችሁ ወገኖች፣ ስለ ቀለምና መንፈሳዊ ሥዕል ከላካችሁልኝ ውስጥ አራቱን ዛሬ ልመልስ።

«የሰማዕታት ታሪክ በአክሪሊክ እየሳልኩ ነው፣ ገዳዮቹን ጥቁር አድርጌ ብቀባቸው ክፋታቸው ይታያል አይደል?»

ይታይ ይሆናል ግን እባክህ ወንድሜ አታድርገው። የድሮ ሰዓሊዎቻችን ጻድቁን ፊቱን ወደኛ አዙረው ሁለት ዓይኑን ያሳዩናል፣ ክፉውን በጎን ይስሉትና አንድ ዓይን ብቻ ይቀረዋል። የመጨረሻው እራት ሥዕል ላይ ይሁዳን ፈልገው፣ ብዙ ጊዜ በጎን የዞረው እሱ ነው። ሳስበው በጣም ደስ የሚለኝ ነገር ደግሞ አለ፣ በጎን የተሳለው ሰው ካንተ ጋ አይተያይም፣ ጻድቁ ግን ቀጥ ብሎ ያይሃል፣ ለጸሎት የቆመ ሰው የሚፈልገውም ያንን ዓይን ነው። ሰይጣን ጠቆር ተደርጎ የተሳለባቸው የድሮ ሥዕሎች አሉ፣ አልክድም፣ ግን እኛ እራሳችን ጥቁር ሰዎች ሆነን የቆዳችንን ቀለም የክፋት ምልክት ስናደርገው ግድግዳው ስር ቆሞ የሚያየው ልጅ ስለራሱ ምን እያሰበ ይደግ? ይሄ ነገር ያመኛል። ሁሉንም አንድ ዓይነት የቆዳ ቀለም ስጣቸውና የገዳዮቹን አንገት አዙር፣ በቃ።

«እመቤታችን ለምንድነው ሰማያዊ የምትደርበው?»

ሰማያዊው መጎናጸፊያ ከቢዛንታይን፣ ከጥንቱ የምሥራቅ ሮም መንግሥት ጀምሮ የመጣ ነው። እኛ ጋ ደግሞ ሮም ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ያለው የእመቤታችን ሥዕል ቅጂ በኢየሱሳውያን (ካቶሊክ) ሚሲዮናውያን በኩል ገብቶ የጎንደር ዘመን ሰዓሊዎች እጆቿን እንዳጣመረች ደጋግመው ስለውታል። በምስጋናዋ «ዳግሚት ሰማይ» ስለምትባል ቀለሙ ለኛ ጆሮ ቶሎ ይገባል።

«ያረፈችውን እናቴን ስዬ ከራሷ ጀርባ ወርቃማ ክብ አደረግኩላት፣ አክስቴ አይታ ቅድስት አደረግሻት እንዴ ብላ ተቆጣችኝ»

እግዚአብሔር ያጽናሽ እህቴ። አክስትሽ ልክ ናቸው፣ አክሊለ ብርሃን የቅዱሳን ምልክት ነው፣ ክቡን አንሺውና ብርሃኑን ከሌላ ቦታ አምጪው፣ ጧፍ አስይዣት፣ ቢጫው ከታች ወደ አገጯና ወደ ጉንጮቿ ይውጣ። ከዛ ወደ ነጠላው ሂጂ። ሀዘንተኛ ነጠላውን ሲያዘቅዝቅ እኮ ቀለሙ አልተቀየረም፣ የተቀየረው ጥለቱ ያለበት ቦታ ነው፣ ግን ያየ ሁሉ ወዲያው ይገባዋል። ራስሽንም ከጎኗ ሳዪ፣ የሷ ጥለት እንደ በዓል ቀን ወደታች፣ ያንቺ ተዘቅዝቆ፣ ሌላ ምንም ምልክት አያስፈልግሽም።

«ጠልሰም ላይ ያሉትን ዓይኖች ጓደኛዬን ስስል ብጠቀምባቸው ነውር ነው?»

ሰዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን (1937–2003 እ.ኤ.አ.) ከጠልሰም፣ ማለትም በብራና ክታብ ላይ ለፈውስና ለጥበቃ ከሚሳሉት ሥዕሎች፣ ብዙ ወስዶ ዓለም ያወቀው ሥራ ሠርቷል፣ ስለዚህ መንገዱ ተከፍቷል። ግን ዓይኖቹን ለጌጥ ብቻ አትለጥፋቸው። የብራና ክታብ ለታመመ ሰው ሲዘጋጅ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይለካ ነበር፣ ጽሑፉም በጥቁርና በቀይ ቀለም ነው፣ አንተም ሸራህን በጓደኛህ ቁመት ቁረጥና በነዚህ በሁለቱ ቀለሞች ጀምር። መጀመሪያ ግን እሱን ጠይቀው፣ ከእምነቱ ጋ የሚጋጭ ከሆነ ዓይኖቹን ተዋቸው፣ ቁመቱ ይበቃል።