ጥርሱ የገዘፈ ጎማ በዝናብ ለምን ይንሸራተታል?

ከጅማ የደረሰን ጥያቄ፦ «ሃይሉክስ ቪጎ አለኝ። በ2 ኢንች ከፍ አስደርጌው 285/70 R17 ኤም/ቲ ጎማ ገጥሜለታለሁ። ፋብሪካው የገጠመለት 265/65 R17 ነበር። አሁን ቁመናው አሪፍ ነው፤ ግን ዝናብ ሲጥል ፍሬን ስይዝ ይንሸራተታል። በየቀኑ የምነዳው ከተማ ውስጥና በአጋሮ መንገድ ነው። ቡና ለመጫን አልፎ አልፎ ጌራ እገባለሁ። ከዚህ ሰፋ ያለ ኤም/ቲ ልግዛ?»

ወንድሜ፣ አትግዛ። ገንዘብህን አውጥተህ ያንኑ ችግር ታሰፋዋለህ።

ኤም/ቲ የጭቃ ጎማ ነው። ጥርሶቹ ትልልቅና የተራራቁ የሆኑት ጎማው ሲሽከረከር በመካከላቸው የገባውን ጭቃ አራግፎ እንዲጥል ነው። አስፋልት ላይ ያ ሁሉ ክፍተት መሬት አይነካም። መኪናህን የሚያቆመው ደግሞ መሬቱን የነካው ላስቲክ ብቻ ነው። በዚያ ላይ እርጥብ አስፋልትን የሚይዙት ጥርሱ ላይ በምላጭ የተተለተሉ የሚመስሉ ቀጫጭን ስንጥቆች ናቸው። በላስቲኩና በአስፋልቱ መካከል ያለውን ስስ ውሃ የሚሰብሩት እነሱ ናቸው። የብዙ ኤም/ቲ ጥርስ ግን ድፍን ነው፤ ስንጥቅ ቢኖረውም ጥቂት ነው።

ስፋት ያዋጣል የሚለውም ሁልጊዜ አይሠራም። ሰፊ ጎማ ደረቅ መንገድ ላይ ጥሩ ሊሆን ይችላል። ውሃ ባቆረ መንገድ ላይ ግን ውሃውን ቆርጦ ከማለፍ ይልቅ ላዩ ላይ መንሳፈፍ ይቀናዋል። ፒክአፕ ባዶውን ሲሆን ደግሞ ኋላው ቀላል ስለሆነ መጀመሪያ የሚስተው የኋላው ነው። የጅማ ዝናብ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ስለዚህ ለአንተ የዕለት ተዕለቱ ፈተና እርጥብ አስፋልት ነው፤ የጌራ ጭቃ አልፎ አልፎ የሚመጣ ነገር ነው።

እኔ ብሆን ጥሩ ኤ/ቲ፣ ማለትም ለአስፋልትም ለጥርጊያ መንገድም የሚሆን ጎማ፣ እገጥማለሁ፤ ልኩንም 265/70 R17 አደርገዋለሁ። ጥርሱ ቀረብ ቀረብ ያለ፣ መሃሉ ላይ በቀጫጭን ስንጥቆች የተሞላ፣ ዳርና ዳሩ ደግሞ ለጭቃና ለኮሮኮንች ከፈት ያለ ምረጥ። ያንን ስንጥቅ በዓይንህ ካላየህ ጎኑ ላይ ኤ/ቲ ተብሎ መጻፉ ብቻ አያሳምንህ። ጌራ ላይ ኤም/ቲው እንደሚወጣው አይወጣም፤ ይህን አልደብቅህም። ጭቃው ሲብስ ግፊቱን ወደ 20 ፒኤስአይ ቀንሰህ በዝግታ ትገባለህ፤ አስፋልት ስትደርስ መልሰህ ትሞላለህ።

ስለ ልኩ ላስረዳህ። የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፤ ሁለተኛው የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ስንት ከመቶ እንደሆነ ይናገራል፤ R17 ደግሞ ባለ 17 ኢንች ቸርኬ ማለት ነው። የፋብሪካው ጎማ ከላይ እስከ ታች 776 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አሁን የገጠምከው 831 ነው፤ በ7 ከመቶ ይበልጣል። ዳሽቦርዱ 100 ሲልህ ወደ 107 እየሄድክ ነው ማለት ነው። መኪናው መነሳት ይከብደዋል፣ ናፍጣ ይበላል፣ ፍሬኑም ከባዱን ጎማ ለማቆም ይለፋል። ወደ አዲስ አበባ ስትሄድ የጊቤን ቁልቁለት በዚህ ጎማ ስትወርድ ማርሽ ቀንሰህ ካልያዝከው ፍሬንህ ይግላል። 2 ኢንች ከፍታም ለ285 ብዙ ጊዜ አይበቃም፤ መሪ እስከ መጨረሻው ስትጠመዝዝ ፓራፋንጎ ይነካል። 265/70 ግን 803 ገደማ ስለሆነ ልዩነቱ ከ3 ከመቶ እምብዛም አያልፍም።

ቡና ስለምትጭን የጎማውን የጭነት ቁጥር ተመልከት። 112 ማለት አንዱ ጎማ 1,120 ኪሎ ይችላል ማለት ነው። ከዚያ በታች አትውረድ። ከልኩ በፊት ኤልቲ የሚል ካለበት ጎኑ የጠነከረ የጭነት ጎማ ነው፤ ለኮሮኮንች ድንጋይ ይመቻል። ነገር ግን ያንኑ ክብደት ለመሸከም ከተራው ጎማ የበለጠ ግፊት ይፈልጋል፤ በድሮው ልክ ሞልተህ አትሂድ። ሌላው የማየው ነገር፣ ለጭነት ተብሎ በደንብ የተነፋ ጎማ ጭነቱ ከወረደ በኋላም እንደዚያው ለሳምንት ሲነዳ ነው። ባዶ መኪና ላይ ከልክ በላይ የተነፋ ጎማ መሬት የሚነካው በመሃሉ ብቻ ነው። ያኔ የትኛውም ጎማ ይንሸራተታል። አሁን ያለህንም መጀመሪያ በጌጅ አስለካው፤ ምናልባት የችግሩ ግማሽ እሱ ይሆናል።

ስትገዛ የተሠራበትን ጊዜ ሳታነብ ብር እንዳትከፍል። ጎኑ ላይ ዲኦቲ ከሚለው ፊደል ቀጥሎ መጨረሻ ላይ አራት አሃዝ አለ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የቀሩት ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። 1418 የሚል ያይና «በ2018 የተሠራ፣ ትኩስ ነው» ይላል። ዓመቱ የፈረንጅ ነው! ያ ጎማ በኛ አቆጣጠር መጋቢት 2010 የተሠራ ነው። ጥርሱ ሳይነካ መጋዘን ቢቀመጥም ላስቲኩ ከጊዜ ጋር ይደርቃል፤ የደረቀ ላስቲክ ደግሞ እርጥብ አስፋልት አይዝም። እኔ ከ5 ዓመት በላይ የቆየ ጎማ፣ አዲስ ነው ቢባልም፣ ለደንበኛ አልመክርም።

አራቱንም ባንዴ ቀይር፤ እስኮርታውንም እዚያው ልክ አድርገው። ሁለቱ አዲስ ሁለቱ ያለቀ ከሆነ ፎር ባይ ፎር ስታስገባ ቁመታቸው ስለሚለያይ ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ ይጨነቃሉ። መኪናው ከፍ ሲደረግ አላይመንት ካልተሠራለትም አዲሱ ጎማ በአንድ ጎኑ ተበልቶ ያልቃል። ስለዚህ አላይመንትና ባላንስ አሠራ፤ ከዚያም በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ የፊቱንና የኋላውን አቀያይር።

ኤም/ቲዎቹን በርካሽ አትሽጣቸው። ርካሽ ቸርኬ ካገኘህ እዚያ ላይ ገጥመህ አስቀምጣቸው። ክረምት ላይ ወደ ጌራ ደጋግመህ የምትገባ ከሆነ በእነሱ ቀይረህ ትወጣለህ።