ሦስተኛ ትራምፔት ተብለሽ ብትጠሪ ሂጂ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከትልልቆቹ ከተሞች ርቆ የሚሠራ አንድ የጃዝ ኦርኬስትራ በሦስተኛ ትራምፔትነት ሊወስድሽ ፈልጓል፤ ክፍያው ግን ወር አያደርስም። «የማስተማር ሥራዬን ልተወው? ሦስተኛ መሆንስ ተደብቆ መቅረት አይሆንብኝም?» ነው ያልሽው። እኔ በእንዲህ ዓይነት ባንድ ውስጥ ባሪቶን ሳክስፎን ስጫወት 22 ዓመት ሆኖኛል። መልሴ አጭር ነው፤ ሂጂ፣ ማስተማሩን ግን አትተዪ። ምክንያቱ ነው ረዘም የሚለው።

በመጀመሪያ ስለ ገንዘቡ። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ከእኛ ባንድ በሚያገኘው ክፍያ ብቻ ቤቱን ያስተዳደረ አንድም ሰው አላየሁም። ፒያኖ ተጫዋቻችን ቀን ቀን ፒያኖ ይቃኛል። ድራም የሚመታው ልጅ ሦስት ቦታ እየተዘዋወረ ያስተምራል። ከአልቶ ሳክስፎኖቹ አንዷ ቅንብር እየሠራችና ኖታ በኮምፒውተር እየጻፈች ለሌሎች ባንዶች ትሸጣለች። እኔም ጠዋት አስተምራለሁ፣ ማታ የተገኘውን እሠራለሁ።

ይህ የደካሞች ዕጣ እንዳይመስልሽ። ትራምፔት ተጫዋቹ ታድ ጆንስና ድራም መቺው ሜል ሉዊስ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1966 ኒውዮርክ በሚገኘው ቪሌጅ ቫንጋርድ በተባለ የጃዝ ክለብ ትልቁን የጃዝ ባንዳቸውን ይዘው መጫወት ሲጀምሩ የተሰጣቸው ምሽት ሰኞ ነበር። አብዛኞቹ ሙዚቀኞች በስቱዲዮ ቀረጻና በቴሌቪዥን ሥራ የተጠመዱ፣ በከተማዋ አሉ ከሚባሉት መካከል የሚቆጠሩ ሰዎች ናቸው። ኑሯቸውን ሌላ ቦታ ያሸንፉ ነበር፤ ሰኞ ማታ የሚመጡት ልባቸው ለወደደው ሙዚቃ ነው። ያ ባንድ ስሙን ቀይሮ ዛሬም ሰኞ ሰኞ ይጫወታል። ጆንስ ራሱ በ1970ዎቹ መጨረሻ ወደ ኮፐንሃገን ሄዶ የዴንማርክ ሬዲዮን ትልቅ ባንድ መርቷል። እንደዚያ በሬዲዮ ጣቢያ የሚተዳደሩና ለሙዚቀኞቻቸው ቋሚ ደመወዝ የሚከፍሉ ባንዶች አሉ፤ ነገር ግን ቦታው ጥቂት ነው፣ የያዘውም ሰው በቀላሉ አይለቅም።

ታዲያ የማያኖር ከሆነ ለምን ሂጂ አልኩሽ? በትልቅ ባንድ ውስጥ ብዙውን ጊዜ 17 ሰው ይቀመጣል፤ አምስት ሳክስፎን፣ አራት ትራምፔት፣ አራት ትሮምቦን፣ ከዚያ ፒያኖ፣ ጊታር፣ ቤዝና ድራም። እያንዳንዳቸው ሌላ ባንድ፣ ሌላ ትምህርት ቤት፣ የሚያውቁት ስቱዲዮ አላቸው። አንዱ ሲታመም ወይም ሁለት ሥራ ሲደራረብበት ስልክ የሚደውለው አጠገቡ ተቀምጦ ኖታ ሲያነብ ላየው ሰው ነው። የእኔ ሥራ ሁሉ የመጣው በዚህ መንገድ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

የቀረብኝም በዚሁ መንገድ ነው። በሁለተኛው ዓመቴ ቴነር ሳክስፎን የሚጫወተው ባልደረባዬ ለአንድ ሙዚቃዊ ቴአትር አስጠራኝ፤ ሦስት ወር የሚዘልቅ ጥሩ ሥራ ነበር። ኖታውን ስቀበል ከባሪቶኑ በተጨማሪ ግማሹ ለክላሪኔት የተጻፈ ሆኖ አገኘሁት። ክላሪኔት አልችልም ነበር። ይቅርታ ጠይቄ መለስኩት፤ በዚያ ማታ የተሰማኝን ኀፍረት እስካሁን አልረሳውም። በማግስቱ አሮጌ ክላሪኔት ተበድሬ ሀ ብዬ ጀመርኩ፤ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ዛሬ ከባሪቶን ይልቅ በክላሪኔት የምጠራበት ወር አለ። አንቺም ፍሉገልሆርን፣ ትራምፔት የሚመስለው ድምፁ ለስለስ ያለ መሣሪያ፣ ከሌለሽ ቀስ ብለሽ ገንዘብ አጠራቅሚለት፤ ለስለስ ባሉት ዜማዎች ላይ ትራምፔቶቹ ወደ እሱ እንዲቀይሩ የሚያዝ ኖታ ይገጥምሻል።

አሁን ወደ ሦስተኛነት ልምጣ፤ ቅር ያሰኘኝ እዚህ ላይ ነው። በብዙ ባንዶች ሦስተኛው ትራምፔት የመሪው ትራምፔት፣ ማለትም የአንደኛው፣ ረዳት ነው። መሪው ከላይ ሲጮህ አምሽቶ ከንፈሩ ሲዝል ከፍ ያሉትን ክፍሎች የሚቀበለው እሱ ነው። በሌላው ጊዜ ደግሞ የመሃሉን ድምፅ ትይዣለሽ፤ ከጎረቤትሽ ጋር በግማሽ ቶን ብቻ፣ በፒያኖ ላይ ጎን ለጎን ባሉ ሁለት ቁልፎች ያህል፣ የምትራራቁበት፣ ብቻውን ሲሰማ የተሳሳተ የሚመስል ኖታ። የጃዝ ቅንብር ቅመሙ እዚያ ነው። አንድ ጊዜ ሦስተኛችን ቀርቶ ያለ እሱ ተለማመድን፤ ሁሉም ኖታውን በትክክል ይነፋል፣ ድምፁ ግን ጠፍጣፋ ሆነ። የባንዱ መሪ አቁሞ «ምን ጎደለ?» ሲል ሁላችንም ወደ ባዶው ወንበር ዞርን።

ባሪቶን ሳክስፎን ተጫዋቹ ሃሪ ካርኒ ወደ ታዋቂው የጃዝ ባንድ መሪ ዱክ ኤሊንግተን ባንድ በ1927 ሲገባ የ17 ዓመት ልጅ ነበር፤ ኤሊንግተን እስከሞተበት እስከ 1974 ባሪቶኑን ይዞ አብሮት ቆየ። ጊታሪስቱ ፍሬዲ ግሪን በ1937 ከሌላው ስመ ጥር የባንድ መሪ ከካውንት ቤዚ ጋር ጀምሮ በ1987 እስኪሞት ድረስ ጊታሩን ሲመታ ኖረ፤ ሶሎ፣ ማለትም ብቻውን ጎልቶ፣ ሲጫወት ግን እምብዛም አልተሰማም። የቤዚ ባንድ የሚራመደው በእሱ ምት ነበር። እነዚህን ሰዎች ተደብቀው ቀሩ የሚል ሙዚቀኛ አላጋጠመኝም። ሶሎ መጫወት ከፈለግሽ ደግሞ ፈልጊ፣ ትክክል ነው፤ ከባንዱ ሁለትና ሦስት ሰው ይዘሽ በትንሽ ቡድን ተጫወቺ። የእኛዎቹ ጥሩ ጥሩ ሶሎ ተጫዋቾች ያደጉት እንዲያ ነው።

ስለ ጆሮሽ ሳልነግርሽ አላልፍም። ትራምፔቶቹ ከጀርባዬ ይቀመጣሉ፤ ግራ ጆሮዬ ከ12 ዓመት በፊት ማፏጨት ጀምሮ እስካሁን አልተወኝም። በጥንቃቄ መመሪያዎች መሠረት 85 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) በቀን ለስምንት ሰዓት ያህል ይቻላል፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 100 ሲደርስ የተፈቀደልሽ 15 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ትልቅ ባንድ ሞቅ ሲል ደግሞ እዚያ መድረስ አያቅተውም። በጆሮሽ ልክ የተሠራ፣ ድምፁን ሳያደበዝዝ የሚቀንስ መሰኪያ ከመጀመሪያው ክፍያሽ ግዢ። ከንፈርሽ በዛለ ቀንም ከፍ ያለውን ኖታ በጉልበት አትግፊው፤ ለመሪው ትራምፔት ንገሪው፣ ይረዳሻል።

ከመፈረምሽ በፊት ልምምድ ይከፈል እንደሆነ፣ የመንገድ ወጪ በማን እንደሆነ፣ ዝግጅት ሲሰረዝ ምን እንደሚደረግ፣ ተቀርጾ ቢሸጥ ድርሻሽ ምን እንደሆነ ጠይቂ። ከሁሉም በላይ ግን ሌላ ሥራ ሲደርስብሽ ሰው ተክተሽ መሄድ ትችዪ እንደሆነ በጽሑፍ ይሁንልሽ፤ የአስተማሪነትሽም ሆነ የሌላው ሥራሽ መኖር በዚህች አንቀጽ ላይ ነው። የምትተኪው ሰው ደግሞ ከአንቺ የማያንስ ይሁን። ይበልጠኛል ብለሽ አትፍሪ። ደካማ ሰው ልኮ ሁለተኛ ያልተጠራ ጎበዝ ተጫዋች አውቃለሁ።

የኖታውን ማህደር አሁኑኑ ለምነሽ ውሰጂ፤ እስከ መጀመሪያው ልምምድ አትጠብቂ። እርሳስ ያዢ። የእኛ አንደኛ ትራምፔት፣ ዕድሜያቸው የገፋ አባት ናቸው፣ የሚተነፍሱበትን ቦታ ሁሉ በትንሽ ጭረት ምልክት ያደርጋሉ፤ አዲስ ሰው ሲመጣ ያንን ወረቀት ገልብጦ የራሱ ላይ ካሰፈረው በሁለተኛው ሳምንት አብሯቸው ይጨርሳል። የአንቺም አንደኛ ትራምፔት እንዲያ የሚያደርግ ከሆነ ወረቀቱን ጠይቂው። የማያደርግ ከሆነ ትከሻውን እያየሽ ራስሽ ምልክት አድርጊ፤ ከዚያ እንዴት እንደሆነልሽ ጻፊልኝ።