ኖታ ስሜት አይገድልም፤ ፋ ግን ታስቸግርሻለች

ጥያቄ፦ «የምኖረው ጅማ ነው፤ 12ኛ ክፍል ነኝ። ክራር በጆሮዬ ለምጄ እጫወታለሁ። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መግባት እፈልጋለሁ፤ ኖታ ግን አላውቅም። ሰርግ ላይ የሚጫወት ጎረቤታችን ‹ኖታ ስሜት ይገድላል፣ ቅኝትሽን ያጠፋብሻል› አለኝ። አባቴ ቡና ነጋዴ ነው፤ ‹ሙዚቃ እንጀራ አይሆንም፣ ጤና ግቢ› ይላል። ደግሞስ በ18 ዓመቴ አልረፈደብኝም?»

መልስ፦ ከጎረቤትሽ ልጀምር፤ ይህን ወሬ ስሰማ ትዕግሥት የለኝም። ዜማን በምልክት መጻፍ ከውጭ የመጣብን ነገር አይደለም፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንቱ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የድጓውን (የቅዱስ ያሬድ የዜማ መጽሐፍ) ዜማ በምልክት እንዳሰፈሩት ይነገራል። የድጓው ስሜት ሞተ ያለ ሰው አልሰማሁም። ያሬድ ትምህርት ቤትን በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የመሩት አሸናፊ ከበደ አሜሪካ ኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት የተማሩ ሰው ናቸው። ኋላም ፒያኖ በሚመታበት በዚያው ግቢ ዓለሙ አጋ በገና ያስተምሩ ነበር።

መስጋትስ ካለብሽ ለጆሮሽ ስጊ። የፈረንጁ መሰላል ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶ፣ ላ፣ ሲ ሰባት ድምፅ አለው፤ ትዝታ ሜጀር የሚባለው ቅኝት ግን ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶ፣ ላ ነው፤ ፋ እና ሲ የሉበትም። በአምስት ድምፅ ያደገ ጆሮ «ዶ ሬ ሚ ፋ ሶ በይ» ሲባል ፋን ወደ ሶ ያስጠጋታል፣ አለዚያም ጭራሽ ይዘላታል። ፈታኝ ፒያኖ መትቶ «ይህን ድምፅ አውጪ» ሲልሽ የምትጋለጪው እዚያ ላይ ነው። ስልክሽ ላይ ፒያኖ ጫኚና ሚን እና ፋን ፈልጊ፤ በመካከላቸው ጥቁር ቁልፍ የለም። ቁልፉን ንኪ፣ አድምጪ፣ ድምፁ እስኪጠፋ ዝም በይ፣ ከዚያ አንጎራጉሪው። ከቁልፉ ጋር አብረሽ ካወጣሽ ድምፅሽ እሱን ይደገፍና ስህተትሽ አይሰማሽም። በቀን 15 ደቂቃ ይበቃል፤ ሚ–ፋ ሲቀናሽ ወደ ሲ–ዶ እለፊ።

ከዚያ ክራርሽን አንሺ። ትዝታ ሜጀር ላይ ቃኝተሽው ከሆነ፣ ሚ እና ላ የሚሰጡትን ክሮች ብቻ በግማሽ ድምፅ (ከሚ እስከ ፋ ባለው ርቀት) ስታረግቢያቸው ትዝታ ማይነር ይሆንልሻል። ይህንኑ ኖታ በሚጻፍበት አምስት መስመር ላይ ጻፊው፤ ልዩነቱ ሁለት ፍላት (ድምፅ በግማሽ መውረዱን የሚያሳይ ምልክት) ነው። ጎረቤትሽ ይጠፋል ያለው ቅኝት ወረቀቱ ላይ ቁጭ ብሎ ታገኚዋለሽ። አንድ ነገር ልብ በይ፤ በጅማ ክረምት የክራር ቆዳ እርጥበት ስቦ ይረግባል፣ ድምፁም ይወርዳል። ልምምድ ከመጀመርሽ በፊት ሁልጊዜ በቲዩነር (የድምፅ ልክ በሚያሳይ መሣሪያ) አስተካክይው፤ አለዚያ ጆሮሽ የወረደውን ዶ ይለምዳል።

ረፍዷል ወይ ላልሽው፦ ፒያኒስቱ ግርማ ይፍራሸዋ በክራር ጀምሮ ፒያኖን ያገኘው ያሬድ ሲገባ፣ በ16 ዓመቱ ነው። ኋላ ቡልጋሪያ፣ ሶፊያ ድረስ ሄዶ ተምሯል።

አባትሽ በግማሽ ልክ ናቸው። ሐሳብሽ ዘፋኝ ሆኖ መክበር ከሆነ ዲግሪው አያስፈልግሽም፤ አትልፊ። ግን እሳቸውስ የቡና ዋጋ በወረደ ጊዜ ንግዱን ትተው ጤና ገቡ? ኖታ የምታነብ ተጫዋች ቀን ታስተምራለች፣ ማታ መድረክ ላይ ትሠራለች፣ በመሀል ለስቱዲዮ ታቀናብራለች። እኔ ማስተማሩን አስቀድማለሁ፤ ትንሽ ቢሆንም በየወሩ ይመጣል። (ለአስተማሪ ሌላ ምን ይታየዋል ብትዪኝ አልከራከርም።)

ትምህርት ቤቱ ስሙ የቅዱስ ያሬድ ቢሆንም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አካል እንጂ የቤተ ክህነት ትምህርት ቤት አይደለም። ስለዚህ የ12ኛ ክፍል ፈተናው አይቀርልሽም፤ ሒሳቡን አትተዪው። የዘንድሮውን የመግቢያ ፈተና ቀን ከሬጅስትራሩ ሳታረጋግጪ 350 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አትነሺ። ክራሩን በጋቢ ጠቅልለሽ እቅፍሽ ላይ ያዢው፤ አውቶቡስ ጣራ ላይ እንዳይጭኑብሽ። ከፈተናው በፊት ቀደም ብለሽ ድረሺና እንደገና ቃኚው፤ የአዲስ አበባ አየር የጅማ አይደለም።