አዲስ ላፕቶፕ፣ የቆየ ከርነል

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ የሦስተኛ ዓመት የሶፍትዌር ተማሪ ነኝ። አጎቴ ከዱባይ አዲስ ላፕቶፕ ላከልኝ። ጓደኛዬ በሰጠኝ ፍላሽ ከዊንዶውስ 11 ጎን ኡቡንቱ 22.04 ጫንኩበት። ዋይፋይ ጭራሽ የለም፤ አዳፕተር አልተገኘም ይለኛል። በሌላ ኮምፒውተር ከኢንተርኔት ድራይቨር አውርጄ ብጭንም ለውጥ የለም። የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድም አለው፣ እሱንም ገና አልነካሁትም። ዊንዶውስ ላይ ሁሉም ይሠራል። የዋይፋይ ካርዱን ላስቀይረው?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ካርዱን አታስቀይር። ዊንዶውስ ላይ የሚሠራ ካርድ ጤነኛ ነው፤ ገንዘብህን አታውጣ።

ዊንዶውስ የለመደ ሰው ድራይቨር (ሲስተሙ ከአንድ ካርድ ጋር የሚነጋገርበት ፕሮግራም) ሲባል የሚታየው ከአምራቹ ገጽ የሚወርድ ፋይል ነው። ሊኑክስ ላይ ግን (ኡቡንቱ አንዱ የሊኑክስ ዓይነት ነው) አብዛኛው ድራይቨር ከከርነሉ፣ ማለትም ከሲስተሙ እምብርት ጋር አብሮ ይመጣል። ኡቡንቱ 22.04 የወጣው በ2022 ሲሆን ይዞት የመጣው ከርነል 5.15 ነው። የጓደኛህ ፍላሽ ያን ጊዜ የተዘጋጀ ከሆነ ከርነሉ ላፕቶፕህ ውስጥ ያለውን ቺፕ ከነጭራሹ ላያውቀው ይችላል። በዚህ ዘመን በርካሽ ላፕቶፖች ላይ በብዛት የማየው የሪልቴክ 8852ቢኢ ካርድ፣ ድራይቨሩ ከርነል ውስጥ የገባው በ2023 መጀመሪያ በወጣው 6.2 ላይ ነው። የሚዲያቴክ 7921 ቀደም ብሎ በ5.12 ገብቷል፤ አዲሱ 7925 ደግሞ 6.7 ይፈልጋል።

ስለዚህ ምንም ከመጫንህ በፊት ቺፑን እወቅ። ተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን መስኮት) ክፈትና በትናንሽ የላቲን ፊደላት ኤል፣ ኤስ፣ ፒ፣ ሲ፣ አይ ብለህ ጻፍ፤ ክፍተት ትተህ ሰረዝ፣ ከሰረዙ ጋር አያይዘህ ኤን፣ ኤን፣ ኬ ጨምርና ኢንተር በል። ከሚዘረዘረው ውስጥ ኔትወርክ የሚለውን መስመር ፈልግ። በመስመሩ ጫፍ አካባቢ በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ በሁለት ነጥብ የተለያዩ ሁለት ቁጥሮች አሉ፤ የመጀመሪያው አምራቹን፣ ሁለተኛው ቺፑን ይናገራል። 10ኢሲ ሪልቴክ ነው፣ 14ሲ3 ሚዲያቴክ፣ 8086 ኢንቴል። 10ኢሲ እና ቢ852 ካየህ ከላይ ያልኩህ 8852ቢኢ ነው። ከመስመሩ በታች የትኛው ድራይቨር በሥራ ላይ እንዳለ ይጻፋል፤ እሱ ከሌለ ካርዱ ታይቷል፣ የሚያናግረው ግን አላገኘም ማለት ነው። የከርነልህን ቁጥር ለማወቅ ዩ፣ ኤን፣ ኤ፣ ኤም፣ ኢ ብለህ፣ ክፍተት ትተህ፣ ሰረዝና አር ጨምር።

ካወረድከው ድራይቨር ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ልጆች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነውና። እንዲህ ያለ ድራይቨር እዚያው ማሽንህ ላይ ለአንድ ከርነል ተብሎ የሚገነባ ነው። ሴኪዩር ቡት (ኮምፒውተሩ ሲነሳ ያልተፈረመ ፕሮግራም እንዳይገባ የሚከለክለው ጥበቃ) ከበራ ደግሞ ፊርማ የሌለውን ድራይቨር ከርነሉ አይቀበልም፤ ቁልፉ ውድቅ ተደረገ የሚል መልእክት አይተህ ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው። ከዚህ የባሰው ነገር፣ ከርነሉን ስታሻሽል ያ ድራይቨር በአዲሱ ላይ አልገነባ ብሎ አፕዴቱን መሀል ላይ ሊያቆምብህ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ አውጣው። አብሮት የመጣ የማራገፊያ ፋይል ካለ በእሱ አስወግድና ማሽኑን ሪስታርት አድርግ። ማን እንደጻፈው የማታውቀውን ስክሪፕት በአስተዳዳሪ ፓስዎርድ ማስኬድ፣ ማሽኑን እንዳለ ለማታውቀው ሰው አሳልፎ መስጠት ነው፤ ሁለተኛ አታድርገው።

ዋይፋይ ሳይኖር አፕዴት እንዴት ይደረጋል? በስልክህ። አንድሮይድ ስልክ በገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኝና ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ ዩኤስቢ ቴዘሪንግ የሚለውን አብራ፤ ኡቡንቱ እንደ ኬብል ኔትወርክ ያየዋል፣ ተጨማሪ ድራይቨር አይፈልግም። ከርነሉና ፈርምዌሩ (ካርዱ ራሱ ውስጥ የሚሠራው ፕሮግራም) ተደምረው ብዙ መቶ ሜጋባይት ስለሆኑ የሞባይል ፓኬጅህን ይበሉታል። ስልኩን ከግቢው ዋይፋይ ጋር አገናኝተህ ከዚያ ቴዘሪንጉን ብታበራ አብዛኞቹ ስልኮች ያንኑ ዋይፋይ ያስተላልፋሉ፣ ከፓኬጅህም ምንም አይነካም።

እዚህ ላይ ሁለት መንገድ አለህ። አንደኛው 22.04ን ሙሉ አፕዴት ማድረግ ነው፤ ዴስክቶፑ ላይ ከርነሉ ወደ 6.8 ይወጣል፣ ከላይ የጠራኋቸውን ቺፖች ሁሉ ያውቃል። ሁለተኛው ኡቡንቱ 24.04ን አውርዶ እንደ አዲስ መጫን ነው። ፋይሉ ስድስት ጊጋባይት ገደማ ስለሆነ ግቢ ውስጥ ማውረዱ ይሻላል። ገና ብዙ ሥራ ካላስቀመጥክበት እኔ የምመርጥልህ ይህንን ነው፤ መደበኛ ድጋፉ እስከ 2029 ይዘልቃል። ከፍላሹ ስታስነሳው ሳትጭን ሞክር የሚለውን ምረጥና ዋይፋዩን፣ ድምፁን፣ ታችፓዱን፣ የስክሪኑን ብርሃን እዚያው ፈትሽ። ዲስኩ ሳይነካ መልሱን ታገኛለህ።

ከርነሉ አዲስ ሆኖም ዋይፋዩ ከጠፋ፣ ወደ ሌላ ነገር ከመሄድህ በፊት ዊንዶውስ ውስጥ ገብተህ ፋስት ስታርትአፕን አጥፋ። ይህ አሠራር ኮምፒውተሩን ሙሉ በሙሉ ስለማይዘጋ ካርዱ በዊንዶውስ በተተወበት ሁኔታ ይቆያል፤ ሊኑክስ ሲነሳ ሊያስነሳው ያቅተዋል። አንዳንዴ የሚሠራ፣ አንዳንዴ የሚጠፋ ዋይፋይ በሁለት ሲስተም ላፕቶፕ ላይ ካየህ መጀመሪያ የምትጠረጥረው ይህንን ይሁን።

ኤንቪዲያውን ከርነሉ ከተስተካከለ በኋላ ብቻ ንካ። ከኤንቪዲያ ገጽ አታውርድ። አዲሽናል ድራይቨርስ የሚለውን ፕሮግራም ክፈትና የተፈተነ የሚል ምልክት ያለበትን ምረጥ፤ በዚህ መንገድ የገባ ድራይቨር ከርነሉ ሲታደስ አብሮ ይታደሳል። በመሀል አዲስ ፓስዎርድ እንድታወጣ ከጠየቀህ ጻፈውና ያዘው፤ ለሴኪዩር ቡት ፊርማ ነው። ሪስታርት ስታደርግ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል፣ አሥር ሰከንድ ብቻ ይጠብቅሃል። ቶሎ ብለህ አንድ ቁልፍ ተጫን፣ ኤንሮል የሚለውን ምረጥ፣ ያንኑ ፓስዎርድ አስገባ። ካመለጠህ ድራይቨሩ ተጭኖም አይሠራም።

ሴኪዩር ቡትን አጥፋውና ተገላገል የሚልህ ሰው ይኖራል። ዊንዶውስ 11 ዲስኩን በቢትሎከር፣ በራሱ የዲስክ መቆለፊያ፣ ቆልፎት ሊሆን ስለሚችል፣ ባዮስ (ሲስተሙ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የኮምፒውተሩ ሴቲንግ) ውስጥ ይህን ስትቀይር የ48 አሃዝ ቁልፍ ሊጠይቅህ ይችላል። ቁልፉን ከማይክሮሶፍት አካውንትህ አውጥተህ ወረቀት ላይ ሳትጽፍ ባዮስ ውስጥ ምንም አትቀይር።

የጣት አሻራ ማንበቢያ ካለው እሱን በመጨረሻ እየው፤ ለአንዳንዶቹ የሊኑክስ ድራይቨር እስካሁን የለም፣ በፓስዎርድ መግባት ትቀጥላለህ። ይህን ሁሉ አድርገህም ዋይፋዩ ካልመጣ የሁለቱን ኮማንዶች ውጤት በፎቶ አንስተህ ላክልኝ።