ከግሩፑ ይውጡ፤ አቤቱታው ከዚያ በኋላ ይደርሳል

ጥያቄ፦ በአንድ ትልቅ የኦንላይን መገበያያ የስልክ መለዋወጫ እሸጣለሁ። ውሉ በራሴ ድረ ገጽ ላይ ዋጋ ቀንሼ እንዳልሸጥ ይከለክለኛል። ሽያጬ ሲደራ ደግሞ መገበያያው ራሱ ተመሳሳይ ዕቃ ይዞ መጣ፤ የእኔ ወደ ታች ወረደ። አሁን ሻጮች የቴሌግራም ግሩፕ ከፍተን ማንም ከተስማማንበት ዋጋ በታች እንዳይሸጥ፣ ዋጋውንም በአንድ ሶፍትዌር እንድናስተካክል እየተነጋገርን ነው። ሕጉ ለማን ያደላል?

መልስ፦ ከግሩፑ ልጀምር፤ ያስደነገጠኝ እሱ ነው።

ተፎካካሪዎች ዋጋ ላይ ሲስማሙ፣ የውድድር ሕግ ባለባቸው አብዛኞቹ አገሮች ከባዱ ጥፋት ይህ ነው። «እኛ ትንንሽ ነን፣ ትልቁን ለመቋቋም ነው» የሚለው መከራከሪያ አያዋጣም። ሶፍትዌር መሀል መግባቱም አያድንም። እ.ኤ.አ. በ2015 አሜሪካ ውስጥ፣ አማዞን ላይ ፖስተር የሚሸጥ አንድ ነጋዴ ከተፎካካሪዎቹ ጋር ተስማምቶ ዋጋን በአልጎሪዝም (ዋጋን በራሱ በሚያሰላ የሶፍትዌር ቀመር) በማስተካከሉ በወንጀል ተከሰሰ። ጥፋቱን አምኖ 20,000 ዶላር ሊከፍል ተስማማ። በ2016 ደግሞ በእንግሊዝ ሁለት ፖስተር ሻጮች በተመሳሳይ ነገር ተያዙ። አንዱ ከ163 ሺህ ፓውንድ በላይ ተቀጣ። ሌላው ቀድሞ ለአገሩ የውድድር ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት ስለተናገረ ምንም አልተቀጣም።

ዝም ብሎ መቀመጥም አደጋ አለው። ሊትዌኒያ ውስጥ የጉዞ ወኪሎች በጋራ በሚጠቀሙበት የኦንላይን ሥርዓት፣ ቅናሽ ከ3 በመቶ እንዳይበልጥ የሚል መልእክት ተላለፈ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2016 መልእክቱን እያወቀ በግልጽ ያልተቃወመ ወኪል እንደተስማማ ሊገመት እንደሚችል ወሰነ። ስለዚህ ሹልክ ብለው አይውጡ። «በዋጋ ስምምነት አልሳተፍም» ብለው ጽፈው ይውጡ። ስክሪንሾት ያስቀሩ፤ ምንም መልእክት አያጥፉ። ስምምነቱ ሥራ ላይ መዋል ጀምሮ ከሆነ ግን ዛሬውኑ ጠበቃ ያነጋግሩ። ቀድሞ የሚናገር ሰው የሚያገኘው ምሕረት ለሁለተኛው ላይተርፍ ይችላል።

አሁን ወደ መገበያያው እንምጣ። ቅሬታዎ ተገቢ ነው፤ ብዙ አገሮችም በቁም ነገር ይዘውታል። አንድ ድርጅት ትልቅ መሆኑ ብቻ ጥፋት አይደለም። ጥፋት የሚሆነው የገበያ የበላይነቱን አላግባብ ሲጠቀምበት ነው። የበላይነቱ መኖሩን ማስረዳት ደግሞ ቀላል ሥራ አይደለም፤ ገዢዎች ሌላ የት መሄድ ይችላሉ፣ እርስዎስ ያለዚያ መገበያያ መሸጥ ይችላሉ ወይ የሚለው ይመረመራል።

«ሌላ ቦታ አታርክስ» የሚለውን አንቀጽ አማዞን በጀርመን የውድድር ባለሥልጣን ምርመራ ተገፍቶ በ2013 አውሮፓ ውስጥ ትቶታል። የሽያጭ መረጃዎን አይቶ ተመሳሳይ ዕቃ ስለማምጣት ደግሞ የአውሮፓ ኮሚሽን አማዞንን መርምሮ፣ የሻጮችን ይፋ ያልሆነ መረጃ ለራሱ ችርቻሮ እንዳይጠቀም በ2022 ቃል አስገብቶታል። ዛሬ እዚያ የዲጂታል ገበያዎች ሕግ ሁለቱንም ይከለክላል። ክልከላው የሚሠራው ግን በሕጉ መሠረት በስም በተለዩ ግዙፍ ድርጅቶች ላይ ብቻ ነው። ሌላ አገር ከሆኑ የሚመኩት በአገሩ የውድድር ሕግ ላይ ነው።

ደረጃዎ መውረዱ ለብቻው ማስረጃ አይሆንም። ቀን በቀን ይመዝግቡ፤ ያው የፍለጋ ቃል፣ ያው ሰዓት፣ የእርስዎ ዋጋና የደንበኛ ነጥብ፣ የመገበያያውም እንደዚሁ። የእርስዎ ዋጋ ረክሶ፣ ነጥብዎ በልጦ፣ ዕቃዎ ግን ከታች ከሆነ የሚያናግር ነገር አለ። ውሉን ሲያነቡ ክርክር በየት አገር ሕግና በማን ፊት ይታያል የሚለውን አንቀጽ አይዝለሉ። ክስ ከመመሥረትዎ በፊት ለውድድር ባለሥልጣን አቤት ማለትን እመርጥልዎታለሁ፤ ወጪው ያነሰ ነው፣ መርማሪም እርስዎ የማያገኙትን የውስጥ ሰነድ ማስቀረብ ይችላል።

ሌሎቹ ሻጮችም አብረዎት መፈረም ይችላሉ። ዋጋና ወደፊት የምትሸጡበት ሁኔታ እስካልተነሳ ድረስ በጋራ አቤት ማለት መብታችሁ ነው። ፋይሉን ግን እያንዳንዱ የራሱን ለጠበቃው ይስጥ፤ የሽያጭ ቁጥራችሁን እርስ በርስ አትለዋወጡ።