መልእክቱን አታጥፉ፦ ስለ ኮምፒውተር ወንጀል፣ ስለ ማስረጃና ስለ ግል ምስጢር ጥያቄና መልስ

መምህር፦ እንደምን አመሻችሁ። ከስልክና ከኮምፒውተር ማስረጃ በማውጣት ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ፤ አሁን መርማሪዎችን አስተምራለሁ። እስከ ሦስት ሰዓት አብሬያችሁ ነኝ። ከሁሉ አስቀድሜ የምለምናችሁ፦ የተበደላችሁበትን መልእክት አታጥፉ።

ከአዳማ፦ መምህር፣ አባቴ ስልካቸው ላይ 38,000 ብር እንደገባላቸው የሚገልጽ መልእክት ደረሳቸው። ወዲያው አንድ ሰው ደውሎ «በስህተት ነው የላክሁት፣ ልጄ ሆስፒታል ነው» እያለ አለቀሰባቸው። ሒሳባቸውን ሳያዩ ከራሳቸው ገንዘብ በቴሌብር ላኩለት። አሁን ሰዎች ስልኩ ቫይረስ ይኖረዋልና ውስጡ ያለው ሁሉ ይጥፋ ይላሉ። ላጥፋው?

መምህር፦ እንዳታደርጊው፣ ልጄ! አንድ ፊደል አይነካ። የቴሌብር መልእክት የሚመጣው ከ127 ነው። አባትሽ ዘንድ የደረሰው ከተራ የሞባይል ቁጥር ከሆነ፣ ያ ቁጥር፣ የደረሰበት ሰዓትና እሳቸው የላኩበት የግብይት ቁጥር ሦስቱም ያስፈልጋሉ። ሲም ካርዱ በሌላ ሰው መታወቂያ የወጣ ሊሆን ይችላል። ገንዘቡ ግን ወይ በወኪል እጅ ወጥቷል፣ ወይ ወደ ሌላ ሒሳብ ተላልፏል፤ ሁለቱም መዝገብ አላቸው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 24 አገልግሎት ሰጪዎች የትራፊክ ዳታን ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲያቆዩ ያዛል። ማን፣ ለማን፣ መቼ የሚለውን ማለቴ ነው፤ የተነጋገሩትን አይደለም። ስለዚህ አትዘግዩ።

ከጅማ፦ ስልኬ የተጠለፈ ይመስለኛል። ምን ላድርግ?

መምህር፦ ምን አይተው? ባትሪ ቶሎ ማለቁ ብቻውን የጠለፋ ማረጋገጫ አይደለም። ያዩትን ይጻፉልኝና እመለስበታለሁ።

ከባሕር ዳር፦ በቴሌግራም ያስፈራራኝን ሰው ልከስ ነው። ስክሪንሹት ለፍርድ ቤት ይበቃል?

መምህር፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ስክሪንሹት ፎቶግራፍ ነው። እኔ አሁን የወንድሜን ቁጥር በእርስዎ ስም መዝግቤ «እገድልሃለሁ» ብሎ እንዲጽፍልኝ ባደርግ፣ ስክሪንሹቱ ላይ የሚነበበው የእርስዎ ስም ነው። የተከሳሽ ጠበቃ ይህን ባነሳ ጊዜ ምን ይመልሳሉ? ስክሪንሹቱን ያንሱ፤ ለመነሻ ይጠቅማል። ዋናው ማስረጃ ግን ስልኩ ራሱ ነው።

ቴሌግራም ላይ ደግሞ ያስፈራራዎት ሰው መልእክቱን ከእርስዎም ስልክ ጭምር ማጥፋት ይችላል። ስለዚህ ዛሬውኑ ኮምፒውተር ላይ በሚጫነው ቴሌግራም ውይይቱን በሙሉ ወደ ፋይል ያውጡት። ሰውየው የሚታየውን ስሙን ደጋግሞ ሊቀይር ይችላል፤ ቴሌግራም ለእያንዳንዱ አካውንት የሚሰጠው መለያ ቁጥር ግን አይቀየርም፤ ፋይሉን JSON በሚባለው ዓይነት ካወጡት በውስጡ ይገኛል። እሱን ይዘው ይሂዱ።

መርማሪዎችን ሳስተምር የምነግራቸው የአንድ መዝገብ ታሪክ አለ። የተያዘውን ስልክ መርማሪው ኔትወርኩን ሳያቋርጥ በጣቱ ሲበረብር ዋለ። ያልተነበቡ መልእክቶች ተከፈቱ፤ ማታ ላይ ደግሞ የስልኩ ባለቤት ዘመድ ከሩቅ ሆኖ ሁሉንም ደመሰሰው። ሥርዓቱ ሌላ ነው፤ በመጀመሪያ ስልኩ ከኔትወርክ ይለያል፤ ቀጥሎ ሙሉ ቅጂ ይወሰዳል፤ ለቅጂውም ሀሽ የሚባል ልዩ ቁጥር ይሰላል። በተለመደው ስሌት 64 ቁምፊ ያለው ነው። ከቅጂው ውስጥ አንዲት ነጥብ ብትለወጥ ያ ቁጥር ከነጭራሹ ሌላ ይሆናል፤ ዳኛው ፊት «ማንም አልነካካውም» የምንለው በዚህ ነው። ይህ ሥርዓት ተበዳዩን ብቻ አይደለም የሚጠብቀው፤ ያልሠራው ወንጀል ስልኩ ውስጥ እንዳይገባበት ተጠርጣሪውንም ይጠብቀዋል።

ከመገናኛ፦ ይህ ሁሉ ለምን ያስፈልጋል? ፖሊስ መንገድ ላይ ስልክ ከፍቶ ቢያይ የሚደብቀው የሌለው ሰው ምን ይሆናል?

የሕግ ተማሪ፦ እኔ የምደብቀው ወንጀል የለኝም። ስልኬ ውስጥ ግን የእህቴ የሕክምና ውጤት አለ። እሷ ለፖሊስ አልፈቀደችም።

ከመገናኛ፦ ወንጀለኛ ካልተያዘ የእህትህ ገንዘብም ይሰረቃል።

የባንክ ሠራተኛ፦ በመጋቢት 2016 የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ሲበላሽ ያልተገባቸውን ገንዘብ ያወጡ ሰዎች ፎቶ በየቅርንጫፉ ተለጥፎ ነበር። ገንዘቡ የሕዝብ ነው፤ ትክክል ነበር እላለሁ።

የሕግ ተማሪ፦ ፍርድ ቤት ሳይወስን? ስሙ በስህተት የተለጠፈ ቢኖርስ?

መምህር፦ ሁላችሁም ቆዩ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 በስልክና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነት እንደማይደፈር ይናገራል፤ ክልከላው የሚነሳው በሕግ በተለየ ምክንያት ብቻ ነው። የኮምፒውተር ግንኙነትን በቀጥታ ለመከታተል አዋጅ 958 በአንቀጽ 25 የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይጠይቃል። ቁልፍ መሠረተ ልማትን ለሚያሰጋ አጣዳፊ ጉዳይ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ (ሥልጣኑ ዛሬ የፍትሕ ሚኒስቴር ነው) ያለ ትእዛዝ ሊፈቅድ ይችላል፤ ያኔም በ48 ሰዓት ውስጥ ምክንያቱን ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ማቅረብ አለበት። ይህች በር ከዚህ በላይ ልትሰፋ አይገባም ባይ ነኝ። የባንኩን ፎቶ በተመለከተ፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጁን ምክር ቤቱ ያጸደቀው መጋቢት 26 ቀን 2016 ነው፤ ፎቶዎቹ የተለጠፉት በዚያው ሰሞን፣ ሕጉ ሥራ ላይ ሳይውል ነበር። ዛሬ ቢሆን ባንኩ በአዋጅ ቁጥር 1321/2016 ፊት መልስ ይኖርበታል። ክርክሩን እዚህ ላይ እንተወው፤ ጥያቄ ያላቸው እየጠበቁ ነው።

ስሜ ይቆይ፦ ባለቤቴ ከማን ጋር እንደሚጻጻፍ የማይበት መተግበሪያ ይኖራል?

መምህር፦ አልመልስም። ያለ ፈቃድ የሰውን ግንኙነት መጥለፍ በዚሁ አዋጅ ወንጀል ነው። የሚቀጥለው።

ከደሴ፦ የፋይዳ ምዝገባ አደጋ አለው ወይ?

መምህር፦ የምዝገባው አሠራር የእኔ ሙያ አይደለም። የምለው አንድ ነው፦ የአሥር ጣት አሻራና የሁለት ዐይን ብሌን ይወሰዳል፤ የምስጢር ቁጥር ቢሰረቅ ይቀየራል፣ ዐይን ግን አይቀየርም። ስለዚህ የመታወቂያዎን ፎቶ በቴሌግራም ለጠየቀ ሁሉ አይላኩ።

ከጅማ፦ ስለ ስልኬ ጠለፋ አልመለሱልኝም።

መምህር፦ ያዩትን አልነገሩኝም። አሁንም እጠብቃለሁ።

ከቨርጂኒያ፦ በፎቶዬና በስሜ ቴሌግራም ተከፍቶ አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቼን ገንዘብ እየጠየቀ ነው። ቴሌግራም ለፖሊስ ይተባበራል?

መምህር፦ ከድሮው ይሻላል። ባለቤቱ ፓቬል ዱሮቭ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2024 ፓሪስ አጠገብ ከተያዘ በኋላ፣ በመስከረም ኩባንያው ፖሊሲውን ቀይሮ በሕጋዊ ጥያቄ የተጠርጣሪን ስልክ ቁጥርና የአይፒ አድራሻ (መሣሪያው ኢንተርኔት ላይ የሚታወቅበትን ቁጥር) እሰጣለሁ አለ። ቀድሞ ይህን የሚለው ለሽብር ተጠርጣሪ ብቻ ነበር። ጥያቄው ግን ከሕግ አስከባሪ አካል ይሂድ፤ እርስዎ ቢጽፉላቸው አይሰጡም። ገንዘብ የላከ ዘመድ ካለ አቤቱታውን እሱ አዲስ አበባ ያቅርብ። ሌሎቹን ዛሬ ማታ በድምፅ ደውለው ያስጠንቅቁ። የአስመሳዩንም መልእክት እንዳያጠፉ ይንገሯቸው።

ከሐዋሳ፦ ስክሪንሹት ይበቃል ወይ ለፍርድ ቤት?

መምህር፦ ከላይ በሰፊው ጽፌዋለሁ፤ እባክዎ ያንብቡት።

ከአዳማ፦ መምህር፣ መልእክቶቹ ሁሉም አሉ። ጠዋት አባቴን ይዤ ጣቢያ እሄዳለሁ። ስልኩን እዚያ ትቼ ልምጣ?

መምህር፦ የርክክብ ወረቀት ሳይፈረምልሽ አትተዪው። የስልኩ ሞዴል፣ *#06# ስትጫኚ የሚወጣው ባለ 15 አኃዝ ቁጥር፣ ሲም ካርዱ ውስጡ መኖሩ፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ የተረካቢውም ስምና ፊርማ ይስፈርበት። ቅጂው ለእናንተ ይሁን። አቤቱታው ላይ የሚመረመሩትን መልእክቶች ከነቁጥራቸውና ከነሰዓታቸው ለይታችሁ ጻፉ፤ የአባትሽ የቤተሰብ ፎቶ ለዚህ ምርመራ አያስፈልግም። መልእክቶቹን ዛሬ ማታ በሌላ ስልክ ፎቶ አንሺያቸው። ከዚያ በኋላ ስልኩን አትንኩት፤ ሌሊቱን ግን ቻርጅ ይደረግ።